የጠፈር ጣቢያ ኑሮ በልብ ወለድና በፊልም

በፊዚክስ ክፍለ ጊዜ ስለ ስበት ኃይል ሲነሣ በየትምህርት ቤቱ የሚሰማ አንድ መልስ አለ። መምህሩ «ጠፈርተኞች ለምን ይንሳፈፋሉ?» ብሎ ሲጠይቅ ብዙዎቹ ተማሪዎች እጃቸውን አውጥተው «እላይ የመሬት ስበት ስለሌለ ነው» ይላሉ። መልሱ ስሕተት ነው። ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ የሚዞረው ከመሬት ገጽ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ሲሆን፣ በዚያ ከፍታ ያለው የመሬት ስበት በምድር ላይ ካለው 89 ከመቶ ያህሉ ነው። ይህም ማለት እዚያ ድረስ የሚደርስ ግንብ ቢሠራና በምድር ላይ 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው ከጫፉ ላይ ቢቆም ሚዛኑ 53 ኪሎ ያህል ያሳያል። ጠፈርተኛው የሚንሳፈፈው ስበት ስለጠፋ ሳይሆን እርሱም፣ ጣቢያውም፣ በእጁ የያዘው ማንኪያም አብረው ስለሚወድቁ ነው። በሰዓት 28,000 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ጎን ስለሚሮጡ ግን መሬት ከሥራቸው እየጎበጠች ትሸሻቸዋለች እንጂ አይደርሱባትም።

ይህ ነገር ከኒውተን ዘመን ጀምሮ የታወቀ ነው። ታዲያ ተማሪዎቻችን ስሕተቱን ከየት አመጡት? ከመማሪያ መጽሐፋቸው አይመስለንም። ከፊልም ነው፤ ዛሬ ፊልም በየተማሪው ኪስ ውስጥ ባለ ስልክ ይታያልና። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ስለ ጠፈር ጣቢያ የተጻፉና የተቀረጹ ጥቂት ሥራዎችን አንሥተን እንመዝናለን። ዓላማችን የፊዚክስ ስሕተት እየለቀሙ መሳቅ አይደለም፤ እንዲያ ከሆነ ሥራው ቀላል በሆነ ነበር። የምንጠይቀው ደራሲው ወይም የፊልሙ አዘጋጅ እዚያ ላይ መኖር ምን ማለት እንደሆነ ገብቶታል ወይ? ብለን ነው። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

መኖሩ ምን ማለት እንደሆነ ለመረዳት ከአንድ ቀላል ነገር እንነሣ። በምድር ላይ የሞቀ አየር ይወጣል፣ የቀዘቀዘው ይወርዳል፤ ይህንንም በሰባተኛና በስምንተኛ ክፍል እናስተምራለን። በጣቢያው ውስጥ ግን ሁሉም ነገር አብሮ የሚወድቅ ስለሆነ ከባድና ቀላል አየር አይለዩም፣ «ላይ» እና «ታች» የሚባል ነገር የለም። እዚያ ሻማ ቢለኮስ ነበልባሉ እንደ ምድሩ ወደ ላይ አይሾልም፤ ክብና ሰማያዊ ድቡልቡል ይሆናል። ከዚህ ይልቅ የሚያሳስበው የተኛው ሰው ነው። ከሳንባው የሚያወጣው የተቃጠለ አየር የትም አይሄድም፣ እዚያው ፊቱ ዙሪያ እንደ ትራስ ይከማቻል። እንዳይታፈን ከተፈለገ የአየር ማራገቢያ ቀንና ሌሊት ሳያቋርጥ መንፈስ አለበት። በፊልም ጸጥ ያለ ሆኖ የሚቀርብልን ጣቢያ በእውነቱ እንደ ወፍጮ ቤት የሚያጉረመርም ቤት የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ሌላውም እንደዚሁ ነው። አቧራ አይረጋም፤ ውሃ አይፈስም፤ ላብ አይንጠባጠብም፣ ከቆዳ ላይ ተለጥፎ ይወፍራል እንጂ። አጥንትና ጡንቻ ሸክም ስላጡ ይሟሽሻሉ፤ ስለዚህ በዓለም አቀፉ ጣቢያ ያሉ ሰዎች በየቀኑ ሁለት ሰዓት ያህል ስፖርት ይሠራሉ። ጣቢያው ራሱ ከቀጭኑ አየር ጋር እየተፋተገ ቀስ በቀስ ዝቅ ስለሚል በየጊዜው ወደ ላይ መገፋት አለበት። ባጭሩ በምድር ላይ ተፈጥሮ ያለ ዋጋ የምትሠራልንን ሥራ እዚያ ሰው ይሠራዋል። ቤቱን የሚያውቀው ደራሲ ይህን ሥራ ያሳያል፤ የማያውቀው ደግሞ በምትኩ ቃጠሎና ፍንዳታ ያመጣል።

በልብ ወለድ የመጀመሪያው የጠፈር ጣቢያ የተሠራው ከጡብ ነው። አሜሪካዊው ኤድዋርድ ኤቨሬት ሄል «የጡብ ጨረቃ» የተባለውን ታሪክ በ1869 በመጽሔት ማውጣት ጀመረ። ስፋቷ 61 ሜትር የሆነ ሰው ሠራሽ ጨረቃ ለመርከበኞች ምልክት እንድትሆን ትሠራለች፤ ጡብ የሆነችውም ብረት በአየር ፍትጊያ ይቀልጣል ተብሎ ነው። ሰዎች በውስጧ እንዳሉ ሳይታሰብ ተወርውራ ትሄዳለች፤ እነርሱም እዚያው ይኖራሉ፣ ከምድር በቴሌስኮፕ ለሚያያቸው ወዳጃቸው ረጅምና አጭር ዝላይ እየዘለሉ በሞርስ ፊደል መልእክት ይልካሉ። ደስ የሚል ተረት ነው። ለአሥራ አንደኛ ክፍል ደግሞ ጥሩ ጥያቄ ይወጣዋል፤ ያቺ ጨረቃ ድፍን ጡብ እንኳ ብትሆን የማምለጫ ፍጥነቷ በሰከንድ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ስለሚሆን፣ የመጀመሪያውን ፊደል ለመላክ የዘለለው ሰው ሁለተኛውን ለመጨመር አይመለስም ነበር።

ከሄል በኋላ የመጣው ኮንስታንቲን ጺዮልኮቭስኪ የሙያ ባልደረባችን ነው። በሩሲያ ቦሮቭስክና ካሉጋ በተባሉ ከተሞች አርባ ዓመት ያህል ሒሳብና ፊዚክስ ያስተማረ፣ ከልጅነት ሕመሙ የተነሣ ጆሮው በደንብ የማይሰማ መምህር ነበር። «ከምድር ውጭ» የተባለው ልብ ወለዱ በሙሉ ታትሞ የወጣው በ1920 ነው። በልብ ወለድነቱ ከመዘንነው ደካማ ነው፤ ገጸ ባሕርያቱ ኒውተን፣ ጋሊልዮ፣ ላፕላስ እየተባሉ የሚጠሩ ሲሆን፣ አንዱ ይጠይቃል ሌላው ያስረዳል፣ ማንም አይጣላም፣ ማንም አያፈቅርም። ሆኖም ከእርሱ በኋላ የመጡት ብዙዎች የፈሩትን ነገር እርሱ አልፈራም። ሰዎቹን እንዲንሳፈፉ ተዋቸው። ክብደት አልባ ሰው እንዴት እንደሚንቀሳቀስ፣ ዕቃውን እንዴት እንደሚይዝ በትዕግሥት ያሳያል፤ የሚተነፍሱትን አየር የሚያጠራላቸውና የሚመግባቸው የአትክልት ቤት ያቆምላቸዋል። ስሌቱን ያስተማረ ሰው የጻፈው መሆኑ ከየገጹ ይታወቃል።

ከዚያ በኋላ መንኮራኩሩ መጣ። እዚህ ላይ ስለ ቃሉ አንድ ነገር ብናነሣ አንባቢ አይቀየመንም። ዛሬ በአማርኛ መንኮራኩር ስንል ወደ ጠፈር የሚወነጨፈውን ዕቃ ማለታችን ነው፤ በግእዝ ግን ቃሉ ተሽከርካሪ እግር ማለት ነው። ሄርማን ኖርዱንግ በሚል የብዕር ስም የጻፈው ስሎቬናዊው መሐንዲስ ፖቶችኒክ በ1920ዎቹ መጨረሻ በበርሊን ባሳተመው መጽሐፍ የነደፈው ጣቢያ በሁለቱም ትርጉም መንኮራኩር ነበር። 30 ሜትር ስፋት ያለው ክብ ቤት በ8 ሰከንድ አንድ ጊዜ ይሽከረከራል፤ ነዋሪዎቹም ወደ ጠርዙ ስለሚገፉ በምድር ላይ እንዳሉ ሆነው ይቆማሉ። ቨርነር ፎን ብራውን በ1952 በአንድ የአሜሪካ መጽሔት ላይ 76 ሜትር ስፋት ያለው አድርጎ አስፋፋው፤ በቼስሊ ቦንስቴል ሥዕሎች ታጅቦም በብዙ ሰው አእምሮ ተቀረጸ። ስሌቱ ትክክል ነው፣ ተማሪም ሊሠራው ይችላል። ያው ተማሪ በኖርዱንግ ቤት የቆመ 1 ሜትር ከ80 የሆነ ሰው ራሱ ላይ ያለው ክብደት እግሩ ላይ ካለው በ12 ከመቶ እንደሚያንስ ሲያገኝ ግን ሐሳቡ በወረቀት ላይ እንደሚያምረው ያህል እንደማይመች ይረዳል። እስከ ዛሬ ሰው የኖረበት አንድም እንዲህ የሚሽከረከር ጣቢያ አልተሠራም።

ይህን መንኮራኩር ከሁሉ ይበልጥ ያከበረው የስታንሊ ኩብሪክ «2001፦ የጠፈር ጉዞ» የተባለው የ1968 ፊልም ነው። ታላቅ ፊልም መሆኑን አንክድም። ጣቢያው በ«ሰማያዊው ዳኑብ» የዳንስ ዜማ እየተሽከረከረ ሲመጣ ያየ ሰው አይረሳውም። ከጠፈር ውጭ ድምፅ እንደማይሰማ ኩብሪክ አክብሯል፤ ለዚህም ብቻ ምስጋና ይገባዋል። ነገር ግን ወደ ጣቢያው ስንገባ ምን እናገኛለን? ነጭ ወለል፣ ቀይ ወንበሮች፣ የሂልተን ሆቴል ስም፣ ምስል የሚያሳይ ስልክ። አንድ ትልቅ ባለሥልጣን ተቀምጦ ከሶቪየት ሳይንቲስቶች ጋር ጨዋታ ይዟል። ቤቱ ገና ተሠርቶ አላለቀም፤ ሁለተኛው ክብ አጥንቱ ገጥጦ ይታያል፤ የሚሠሩትን ሰዎች ግን ፊልሙ አያቀርብልንም። ማን ይጠርጋል? አየሩንስ ማን ያጣራል? እንደ አውሮፕላን ጣቢያ የእንግዳ ማረፊያ ሁሉ ነገር በማይታይ እጅ ተሰናድቶ ይጠብቃል። የሽክርክሪቱ ዋና ጥቅም ለሳይንሱ ሳይሆን ለወንበሩ መስሎ ይታየናል፤ ወለል ከሌለ ወንበር የለም፣ ወንበር ከሌለ ባለሥልጣኑ የት ይቀመጣል? ኩብሪክ ይህን ሳያውቀው የቀረ አይመስለንም። ያው ባለሥልጣን ከጣቢያው ወጥቶ ወደ ጨረቃ ሲጓዝ በክብደት አልባ መጸዳጃ ቤት በር ላይ የተለጠፈውን ረጅም መመሪያ በጭንቀት ሲያነብ የሚታይበት ቅጽበት ከቀይ ወንበሮቹ ሁሉ ይልቅ ለእውነቱ የቀረበ ነው፤ አዘጋጁ ግን አስቆን ያልፈዋል።

የሶቪየቱ አንድሬ ታርኮቭስኪ በ1972 የሠራው «ሶላሪስ» ከፖላንዳዊው ስታኒስላቭ ሌም የ1961 ልብ ወለድ የተወሰደ ነው። ጣቢያው የሚገኘው በሩቅ ዓለም ውቅያኖስ አናት ላይ ነው፤ ሰዎቹ በወለል ላይ ይራመዳሉ፣ ለምን እንደሚራመዱ ማንም አይነግረንም። እንዲያውም ጣቢያው ምሕዋሩን ሲለውጥ ለሠላሳ ሰከንድ ክብደት ይጠፋል፤ ጀግናውና ሚስቱ ተቃቅፈው ሲንሳፈፉ የበራ መቅረዝ አጠገባቸው ያልፋል፣ ነበልባሉም ልክ እንደ ምድር ወደ ላይ ይሾላል። የፊዚክስ መምህር ይህን አይቶ ቀይ እስክሪብቶውን ቢያነሣ አንፈርድበትም።

ነገር ግን በዚሁ ፊልም ውስጥ ብዙ ሳይንስ አዋቂ ነን ባዮች ያላዩትን የሚያይ አንድ ትንሽ ትዕይንት አለ። ከነዋሪዎቹ አንዱ ለአዲሱ እንግዳ በቀጭን የተቀደደ ወረቀት ከአየር ማራገቢያው ላይ እንዲያስር ይመክረዋል፤ ሌሊት ሲሰማ የቅጠል ኮሽታ ይመስላልና። ሦስተኛው ነዋሪ በዚህ ነገር ሲያፌዝ ቆይቶ እርሱም በጓዳው ደብቆ እንዳሰረ ይነገረናል። ይህ በቦታው ላይ እውነት ነው። በጠፈር ጣቢያ የማያቋርጥ ድምፅ ቢኖር የማራገቢያው ነው፤ ሰው ከዚያ ድምፅ ጋር አብሮ መተኛት ግዴታው ነው፤ ግዴታውንም ወደ አገሩ ዛፍ ይለውጠዋል። ታርኮቭስኪ ስለ ነበልባሉ ቢሳሳትም ስለ ቤቱ አልተሳሳተም ያልነው በዚህ ምክንያት ነው። መቅረዙን በአንድ የጥያቄ ወረቀት ልናርመው እንችላለን፤ የወረቀቷን ኮሽታ ግን በስሌት የሚያገኛት የለም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳያችን እንምጣ። «ሳልዩት 7» የተባለውን፣ ክሊም ሺፔንኮ በ2017 በሩሲያ ያዘጋጀውን ፊልም ማለታችን ነው። መነሻው እውነተኛ ታሪክ ስለሆነ ይበልጥ ልንጠነቀቅለት ይገባል። በየካቲት 1985 ሰው ያልነበረበት ሳልዩት 7 የተባለው የሶቪየት ጣቢያ ከምድር ጋር የነበረው ግንኙነት ተቋረጠ። በሰኔ ቭላድሚር ጃኒቤኮቭና ቪክቶር ሳቪኒክ ሊያድኑት ወጡ። ጣቢያው ምልክት ስለማይሰጥ ጃኒቤኮቭ መንኮራኩሩን በዓይኑና በእጁ እየመራ ከሚንቀዋለለው ጣቢያ ጋር አገጣጠመው፤ እንዲህ ያለ ሥራ ከዚያ በፊት አልተሠራም ነበር። ሲገቡ ጨለማ ነው፤ ውሃው በረዶ ሆኗል፤ ወፍራም ልብስና የሱፍ ቆብ አድርገው ይሠሩ ጀመር። ማራገቢያው ስለቆመ የሚሠራው ሰው በገዛ ትንፋሹ እንዳይመረዝ አንዱ ሲሠራ ሌላው ይጠብቀው ነበር።

የብልሽቱ ምክንያት ሲገኝ በጣም ትንሽ ነገር ሆነ። የባትሪውን መሙላት የሚጠቁም አንድ መሣሪያ ተሳስቶ «ሞልቷል» ስላለ ባትሪዎቹ ከፀሐይ ኃይል ሰሌዳዎቹ ተለያይተው ባዶ ቀሩ። ሁለቱ ሰዎች ያደረጉት የሚድኑትን ባትሪዎች ለይተው፣ በዚያ ብርድ ሽቦ ከሽቦ በእጃቸው ጠምዝዘው ከሰሌዳዎቹ ጋር በቀጥታ ማያያዝና፣ በመጡበት መንኮራኩር ሞተር ጣቢያውን ወደ ፀሐይ ማዞር ነው። ከዚያ ጠበቁ። ባትሪው ሞላ፣ ብርሃን መጣ፣ ማራገቢያው ነፈሰ። በረዶው ሲቀልጥ ደግሞ ውሃው በየግድግዳውና በየመሣሪያው ላይ ተለጥፎ ስለቀረ የሚወለውል ጨርቅ እስኪያልቅባቸው ድረስ ሲያደርቁ ሰነበቱ።

ፊልሙ ከዚህ ምን አደረገ? በጣቢያው ውስጥ እሳት አስነሣ። በውጭ የሚገኘውን መሣሪያ መክደኛ ለማላቀቅ ጀግናው በትልቅ መዶሻ እንዲቀጠቅጥ አደረገ። የአሜሪካ መንኮራኩር በመስኮት አጠገብ አምጥቶ አቆመ። ከነዚህ አንዱም አልሆነም። አዘጋጁ የሰዎቹን ስም ስለለወጠ የታሪክ ፊልም እንጂ ታሪክ አይደለም ሊለን ይችላል፤ መብቱ ነው። የተዋንያኑን ችሎታ፣ የበረዶውን ጣቢያ ሥዕል፣ ውሃው ሲንሳፈፍ የሚታይበትን ውበት እናደንቃለን፤ በረዶው ሲቀልጥ ማየት ብቻ ፊልሙን ሊያስመርጠው ይችላል። ቅሬታችን ሌላ ነው። መዶሻው የገባው የሽቦ መጠምዘዝ ለተመልካች አይበቃውም ተብሎ ነው። በእኛ አስተያየት ግን በጨለማ፣ በብርድ፣ በገዛ ትንፋሽ ላለመመረዝ እየተጠባበቁ ሽቦ ከሽቦ ማገናኘትና ከዚያ ፀሐይን መጠበቅ ከማንኛውም ቃጠሎ ይልቅ ልብ ያንጠለጥላል። አዘጋጁ አላመነውም። ቤተ ሙከራ ገብቶ ከሁለት ሰዓት ትዕግሥት በኋላ አምፖሉ ቦግ ሲልለት የሚጮኸውን ተማሪ የሚያውቅ መምህር ያምነው ነበር።

እዚህ ላይ ጉዳዩ ከፊልም ያለፈ ይመስለናል። ወጣቶቻችን ሳይንስን የሚያውቁት በመዶሻና በእሳት ከሆነ፣ አምፔር ሜትር ይዞ የተበላሸውን ባትሪ ከደህናው ሲለይ የዋለውን ቴክኒሺያን ከጀግና አይቆጥሩትም። አሜሪካኖችም በ1973 ስካይላብ የተባለው ጣቢያቸው ከለላው ተገንጥሎ፣ አንድ የፀሐይ ሰሌዳ ጠፍቶበት ሲግል ያዳኑት ጥላ በመዘርጋትና የተጣበቀውን ሌላ ሰሌዳ በማላቀቅ ነው። የሙያው ባሕርይ እንዲህ ነው፤ እስከ ዛሬ ስካይላብን ለሙሉ ፊልም የሚበቃ ነው ብሎ የሚከራከር ግን ብዙ አላጋጠመንም።

የአልፎንሶ ኩዋሮንን «ግራቪቲ» (2013) በአጭሩ እንለፈው። ጠፈርተኛዋ ከሐብል ቴሌስኮፕ ወደ ዓለም አቀፉ ጣቢያ እንደ ጎረቤት ቤት ትሻገራለች፤ የሁለቱ ምሕዋር በከፍታም በዘንበልታም የተለያየ ስለሆነ በዚያ ነዳጅ ይህ አይሆንም። ስታለቅስ እንባዋ እየተንጠባጠበ ይንሳፈፋል፤ በእውነቱ እንባ እዚያ ዓይን ላይ ተጠራቅሞ ይቀራል፣ ሰውየው በጨርቅ እስኪያነሣው ድረስ። ፊልሙ ዓይን ያስደነግጣል፤ በውስጡ የሚኖር ሰው ግን የለም፣ የሚያመልጥ ሰው ብቻ ነው ያለው።

የሚኖር ሰው የምናገኘው ፊልምም ልብ ወለድም ባልሆነ መጽሐፍ ነው። ቫለንቲን ሌቤዴቭ ከአናቶሊ ቤሬዞቮይ ጋር በ1982 በዚያው በሳልዩት 7 ለ211 ቀናት ሲቀመጥ የዕለት ማስታወሻ ይዞ ነበር፤ ኋላም ታትሞ በእንግሊዝኛ ተተርጉሟል። ማስታወሻው የሚያስደንቀው በድፍረቱ ሳይሆን በትንንሽ ነገሮቹ ነው፤ መሰላቸት፣ ከአንድ ጓደኛ ጋር በጠባብ ቤት መነታረክና መታገሥ፣ ከምድር የሚመጣ ትእዛዝ የሚያመጣው ብስጭት። በዚያው ጉዞ አራቢዶፕሲስ የተባለች ትንሽ ተክል በጠፈር አብባ ዘር ሰጠች፤ የጺዮልኮቭስኪ የአትክልት ቤት በጣት በምትቆጠር ቡቃያ እውነት ሆነ ማለት ነው።

ከቅርብ ጊዜ ልብ ወለዶች ደግሞ የእንግሊዛዊቷ ሳማንታ ሃርቬይ «ኦርቢታል» (2023) በ2024 የቡከር ሽልማት አግኝቷል። ስድስት ሰዎች በአንድ ቀን ውስጥ መሬትን አሥራ ስድስት ጊዜ ሲዞሩ ያሳያል። እሳት የለም፣ መዶሻ የለም። አይጦች ይመገባሉ፣ ስፖርት ይሠራል፣ የአንዷ እናት በምድር ላይ ሞታ ልጇ ወርዳ መቅበር አትችልም። የኋለኛው ከሁሉ ይከብዳል፤ ቀብር ላይ አለመገኘት ምን እንደሆነ ለአንባቢያችን ማስረዳት አያሻንም። የምንነቅፈው አንድ ነገር ነው፤ ደራሲዋ በመስኮት ወደ መሬት ለማየት በጣም ትቸኩላለች፣ የባሕሩንና የደመናውን ቀለም ለመዘርዘር ገጽ ሙሉ ትሰጣለች፣ ከኋላዋ ያለው የቤቱ ግድግዳ ግን አንዳንዴ ይጠፋባታል። ሌቤዴቭ ግድግዳውን አይረሳም፤ እርሱ ጠግኖታልና።

ለክፍል የሚሆን አንድ ነገር ምረጡ ብንባል «ሶላሪስ»ን ሙሉውን አናሳይም፤ ረጅም ነው፣ አርባ ደቂቃም አይበቃውም። የወረቀቷን ትዕይንት ብቻ አሳይተን እናቆምና ተማሪዎቹን ማራገቢያው አሁን ቢቆም የተኛው ሰው ምን ይሆናል? ብለን እንጠይቃለን። «ስበት የለም» ያለው ተማሪ መልሱን ሲፈልግ መጀመሪያ የሞቀ አየር በምድር ላይ ለምን እንደሚወጣ ማስረዳት ይኖርበታል።